ስም ያልነበረው በሽታ

ሐኪሟ ከኋላዬ ቆማ ጣቶቿን አንገቴ ላይ ታሳርፍና «እስቲ ምራቅዎን ዋጥ ያድርጉ፣ እናቴ» ትለኛለች። ጣቶቿ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ናቸው። ዘንድሮም የደም ምርመራዬ ውጤት ከፍ ዝቅ ብሏል፤ መድኃኒቱ ይጨመር፣ ይቀነስ እየተባለ ስንት ዘመን ኖርኩ። ያ ቅዝቃዜ አንገቴን በነካኝ ቁጥር ግን ሐሳቤ ናዝሬት ነው፤ አስረኛ ክፍል ተማሪ እሆናለሁ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። አባቴ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቤታችን የስፌት መኪና ዘይትና የአዲስ አቡጀዲ ሽታ ነበረው፤ ከወንጂ ስኳር ጭነው የሚያልፉት መኪኖች መስኮቱን ያንቀጠቅጡታል። በዚያ ዓመት፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ ልቤ ቁጭ ብዬ ሳለሁ እንደሮጠ ሰው ይመታ ጀመር። እበላለሁ፣ ደግሜ እበላለሁ፣ ግን እከሳለሁ። እናቴ የትምህርት ቤት ልብሴን በጎን ታጠብበዋለች፤ ብዙም ሳይቆይ ደግማ ታጠብበዋለች። መርፌውን በጥርሷ ይዛ «ይቺን ልጅ ምን ነካብኝ?» ትላለች፤ የምታወራው ከጨርቁ ጋር ነበር።

ከሁሉ የባሰው እጄ ነው፤ ይንቀጠቀጣል። እናንተ አልደረሳችሁበትም እንጂ፣ በደርግ ጊዜ ሰው ፊት መንቀጥቀጥ ደግ ነገር አልነበረም።

አንድ እሁድ በቀበሌው የወጣቶች ስብሰባ ላይ መግለጫ እንዳነብ ታዘዝኩ። ወረቀቱ እጄ ውስጥ ይንኮሻኮሽ ጀመር፤ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር እስከ ኋላ ይሰማል። ላቤ ጽሑፉ ላይ ተንጠባጠበ። የቀበሌው ሊቀመንበር ቀና ብሎ አየኝና «ጓዲት፣ የምትደብቂው ነገር አለ?» አለኝ።

«ምንም የለም።»

«ምንም የሌለው ሰው እንዲህ አይንቀጠቀጥም።»

ሌላው ሰው ሲወጣ እኔ እንድቀር ተደረግሁ። እናቴ የልብስ መለኪያዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጣ መጣች።

«ጌታዬ፣ ልጄ ታማብኝ ነው!»

«ምን ታማ?»

እናቴ አፏን ከፈተች፤ የምትጠራው ስም ግን አልነበራትም።

በተጠራሁ ጊዜ ሁሉ እንድቀርብ አስጠንቅቀው አመሻሹ ላይ ለቀቁኝ። በማግስቱ ክፍል ስገባ፣ ከሕፃንነታችን ጀምሮ አጠገቤ ስትቀመጥ የኖረችው ጓደኛዬ ደብተሮቿን ሰብስባ ሌላ ወንበር ሄዳለች። ቀና ብላም አላየችኝ። አግዳሚው ለብቻዬ ሲቀርልኝ ስፋቱ አስፈራኝ።

እናቴ ጠበል አስጠመቀችኝ። ፍል ውሃ ይሻላታል ሲሏት ወሰደችኝና ልቤ ሊፈነዳ ደርሶ ሰዎች አፋፍሰው አወጡኝ። ጤና ጣቢያ አንዴ የደም ማነስ፣ አንዴ ነርቭ ነው ተባልኩ። ጎረቤት ደግሞ ፍቅር ይዟት ነው አለ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄድን። አንድ ዝምተኛ ሐኪም አንገቴን ዳብሶ፣ ደሜን አስመርምሮ፣ ታይሮይድ የሚባል አንገት ውስጥ ያለ ዕጢ ከልኩ በላይ እየሠራ እንደሆነ ነገረን።

«እንቅርት ማለትዎ ነው? አንገቷ ላይ ምንም የለም እኮ» አለችው እናቴ።

«ሳያብጥም ያማል» አላት።

በአውቶቡስ ስንመለስ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች «ታይሮይድ፣ ታይሮይድ» እያለች ታጠና ነበር፤ እንዳይጠፋት። ናዝሬት እንደወረድን ቤት እንኳ ሳንገባ እጄን ይዛ በቀጥታ ቀበሌ ወሰደችኝ።

«ታይሮይድ ነው!» አለችው ሊቀመንበሩን።

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። «እሱ ደግሞ ምን የሚሉት ድርጅት ነው?»

እናቴ ሳቅና ለቅሶ ተናነቋት። አንገቷን እየነካች አስረዳችው፣ ደግማ አስረዳችው። ከዚያ ወዲያ አልጠሩኝም።

ሐኪሙ ያዘዘልኝ ክኒን እጄን አረጋጋው፤ ግን ከልኩ አልፎ ዕጢውን አደከመው። ፊቴ አበጠ፣ ድምፄ ጎረነነ፣ በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። እናቴ ስታጠብበው የከረመችውን ስፌት መልሳ ተረተረችው። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ አስተማሪው ሰነፍ ይለኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋቢ ተከናንቤ በረንዳው ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ። አላፊ አግዳሚው እያየኝ ይስቃል። ቆም ብሎ የሚያናግረኝ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ መጣች። አባቷ ወደ ሻሸመኔ ተዛውሮ በማግስቱ ሊሄዱ ነበር። ደረጃው ሥር ቆማ ጫማዋን እያየች «እማዬ ናት የከለከለችኝ፤ እኛንም ይጠሩናል ብላ» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። አላውቅም ነበር።

ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የጋቢዬን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ገባችበት። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ወዲያው ላቧ በግንባሯ ይወርድ ጀመር፣ ክንዷ ክንዴ ላይ ረጠበ።

«ኧረ ውጪ፣ ታፍነሽ ልትሞቺ ነው» አልኳት።

«እኔም በርዶኛል» አለች።

ፀሐይ ከመንገዱ ማዶ ካሉት ቆርቆሮ ጣሪያዎች ጀርባ እስክትገባ ድረስ ጋቢው ሥር ተቀመጥን። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።