ስክሪኑን በቀን የለካን ሰዎች

ሥራ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ ሜትር ነበር። የቡድን መሪያችን አቶ ታደሰ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና፣ «ቁመት፣ ስፋት፣ ከመንገድ ያለው ርቀት። ሌላው ወሬ ነው» አሉኝ። ጀማሪ የውጭ ማስታወቂያ ቁጥጥር ባለሙያ ነበርኩ። ከሜክሲኮ እስከ ጠመንጃ ያዥ ያለውን ታፔላ ሁሉ በዚያ ሜትር ለክቼዋለሁ።

በቆርቆሮ ታፔላ ዘመን ሜትሩ በቂ ነበር። ቆርቆሮ ቢከፋ ነፋስ ይጥለዋል እንጂ ሰው መኝታ ቤት አይገባም። ከዚያ ስክሪን መጣ። እኔም ከፍተኛ ባለሙያ ሆኜ ነበር፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት አንድ ሕንጻ ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ። ቁመቱም ስፋቱም ልክ ነው፤ ፈቃዱ እንከን የለውም።

አንድ ቀን ጠዋት አቶ ደምሴ የሚባሉ ሰው ቢሮ መጡ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ መስኮታቸው ከስክሪኑ ጋር ይተያያል።

«እህቴ፣ እኔ ሌሊት አስር ሰዓት ተነስቼ መሪ የምይዝ ሰው ነኝ» አሉ። «ያ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳዬ ላይ ሲጨፍር ያድራል።»

«ወፍራም መጋረጃ አይሞክሩም?»

«ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ። በጎን በጎኑ ይገባል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትናንት ጅማ መንገድ ላይ ሸለብ አደረገኝ። የቀሰቀሰኝ የተሳፋሪ ጩኸት ነው።»

ስለ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ነው የሚያወሩልኝ።

አቤቱታ ሲመጣ ኮሚቴ ይወጣል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ኮሚቴው የሚወጣው ደግሞ በሰርቪስ መኪና ነው፤ መኪናዋ ከሥራ ሰዓት በኋላ ትቆማለች። ስለዚህ ሦስት ሆነን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄድን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ስክሪኑ ፈዞ ምስሉ እንኳ በቅጡ አይለይም። ቃለ ጉባኤው «ብርሃኑ ችግር የሚፈጥር ሆኖ አልተገኘም» ተብሎ ተጻፈ። እኔ አልፈርምም አልኩ።

«ምነው? በዐይንሽ ያየሽውን ነው እኮ» አሉ አቶ ታደሰ።

«በዐይኔማ ያየሁት ፀሐይ ነው።»

ተናደዱ። «እሺ፣ አጥፋ ልበለው። በየትኛው አንቀጽ? አንቀጽ አምጪ!»

እውነታቸውን ነው፤ መመሪያችን ስለ ብርሃን አንድ ቃል የለውም። ምሳዬን እየተውኩ የሌሎች አገሮችን ሕግ ማንበብ ያዝኩ። ፈረንሳይ የሱቅ መስኮት መብራት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ እንዲጠፋ ታዛለች። ቺሊ የሰሜን በረሃዋን ሰማይ ለኮከብ ተመራማሪዎች ብላ ትጠብቃለች። ደቡብ ኮሪያ አካባቢውን በቀጠና ከፋፍላ ለየቀጠናው የድምቀት ልክ ታበጃለች። እንግሊዝ ብርሃንን ከጭስና ከጩኸት ጎን አስቀምጣ፣ ጎረቤት ሲከስ የአካባቢው አስተዳደር እንዲመረምር ታስገድዳለች።

ይህን ሁሉ ይዤ ገባሁ። አቶ ታደሰ አዳመጡና፣ «ሕዝቡ መብራት ጠፋብን እያለ አንቺ መብራት ይጥፋ ትያለሽ?» አሉ። «ቺሊ ኮከብ ትጠብቃለች። እኛ ማንን ልንጠብቅ ነው?»

«ሹፌር» አልኩ።

አልሳቁም። እኔም ብሆን ሁሉም እንደማይሆነን ገብቶኛል። የፈረንሳይ ሰዓት ለአቶ ደምሴ ሦስት ሰዓት እንቅልፍ ብቻ ነው የሚተውላቸው። ለኮሪያው መለኪያ መሣሪያ የለንም። የእንግሊዙ ግን ቤታችን ያለ ነገር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያስቸግር ይከለክላል፤ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት፣ ንዝረት እያለ ይዘረዝራል።

«አየሽ፣ ብርሃን የለበትም» አሉ አቶ ታደሰ።

«ሲጻፍ ስክሪን አልነበረማ።»

በዚህ መሃል የስክሪኑ ፈቃድ እድሳት ደረሰ። አንዴ ማኅተም ካረፈበት ለዓመት የሚነካው የለም። አቶ ደምሴ ስልክ ደወሉ። «እህቴ፣ ካልሆነ ይቅር። የአውቶቡሱን ቁልፍ ላስረክብ ነው። ሰው ከምገድል ልጆቼ ይራቡ» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ አቶ ታደሰን ለመንኳቸው፤ አንድ ምሽት ብቻ፣ በእግራችን፣ እዚያው ቤት እንሂድ። እያጉረመረሙ ተነሱ።

ደረጃውን ወጥተን ስንገባ የአቶ ደምሴ ባለቤት ወይዘሮ ጽጌ አልጋው አጠገብ አስቀመጡን። ገና አረፍ ከማለታችን መብራት ጠፋ። ኮንዶሚኒየሙ፣ መንገዱ፣ ስክሪኑም ሳይቀር ጭልም አለ።

«እንግዲህ ያለ አንቀጽ ጠፋልሽ» አሉ አቶ ታደሰ በጨለማው ውስጥ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አቶ ታደሰ ከወንበሩ ሲነሱ ይሰማኛል፤ ከሄዱ አይመለሱም።

ከዚያ ከማዶ ጄኔሬተር አጓራ። ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ እንደሆነ ስክሪኑ ብቻውን በራ። ክፍሏ ቀላች፣ ሰማያዊ ሆነች፣ ከዚያ ነጭ። አቶ ደምሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዐይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነዋል። አቶ ታደሰ መነጽራቸውን አውጥተው ግድግዳው ላይ ወዳለው ካላንደር ጠጋ አሉ። የየዕለቱን በዓል የሚያመለክተውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ በስክሪኑ ብርሃን አነበቡት።

«ስንት ሰዓት ነው የሚነሱት?» አሉ ሳይዞሩ።

«አስር ሰዓት፣ ጌታዬ።»

ሰዓቱን ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ፈቃዱ የታደሰው በቅድመ ሁኔታ ነው፦ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋት ስክሪኑ ይጠፋል። የስክሪኑ ባለቤት ድርጅት ወኪል ቢሮ መጥቶ፣ «በየትኛው ሕግ?» ብሎ አፈጠጠ። እኔ ልመልስ ስል አቶ ታደሰ ቀደሙኝ።

«ጎረቤት አታስቸግር በሚለው። ብርሃን አልተጻፈም ካሉ ይክሰሱን፤ እኔ ደግሞ ዳኛው በማታ መጥተው እንዲያዩ እጠይቃለሁ።»

አልከሰሱም። በመጀመሪያው ቀን ምሽት ላጣራ ሄድኩ። ስክሪኑ ጠቁሯል። የአቶ ደምሴን በር ቀስ ብዬ አንኳኳሁ። ወይዘሮ ጽጌ ገርበብ አድርገው ከፈቱና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ተኝቷል» አሉኝና መልሰው ዘጉት። ደረጃውን ስወርድ እንባዬ መጣ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። በዚያ ወንበር ለተተካችሁ የምለው አጭር ነው። የሌላ አገር ሕግ አንብቡ፤ ይጠቅማል። ብርሃን ስትለኩ ግን በጨለማ፣ ካስቸገረው ሰው ቤት ገብታችሁ ለኩ።