የኢድ ሳምቡሳና የሂክማ ጥርስ

የኢድ ጠዋት ነው... ቡራዩ፣ ቤታችን። ወንዶቹ ለሶላት ወጥተዋል። እኔ ሳምቡሳውን ጠብሼ ጨርሼ ትሪ ላይ እየደረደርኩ ነው። የስድስት ዓመቷ ልጄ ሂክማ አፏን በእጇ ሸፍና መጥታ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ምን ሆነሻል?»

እጇን ስታነሳ ሰሞኑን ስትነቀንቃት የከረመችው የፊት ጥርሷ የለችም።

«ማሻአላህ! ወለቀች? የታለች ታዲያ?»

በጣቷ ወደ ትሪው ጠቆመችኝ።

«ትናንት ስንጠቀልል... ምስሩ ውስጥ ገባች መሰለኝ። እንዳትቆጪኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ያ አላህ!

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሂክማና ከአራት ዓመቱ ወንድሟ ከኢምራን ጋር ሆነን ነበር የሠራነው። እኔ ጾመኛ ስለሆንኩ ጨው ቀማሹ ኢምራን ነበር። «ትንሽ ይጎድለዋል» እያለ በማንኪያ በማንኪያ ምስሩን ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። ሂክማ ደግሞ ትጠቀልላለች። የሷ ሳምቡሳ ሦስት ማዕዘን ከመሆን ይልቅ ትራስ ይመስላል፤ ግን ደስ ብሏቸው ስለነበር ምንም አላልኩም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ዘንድሮ ግን እንግዳ አለብን። የባለቤቴ የጀማል አባት፣ ኦቦ ሁሴን፣ ከጫንጮ መጥተዋል። ባለቤታቸው ፋጡማ ከሞቱ ገና አራት ወራቸው ነው፤ ያለ እሳቸው የመጀመሪያው ኢድ ነው። «እዚሁ ቤቴ እውላለሁ» ብለው ነበር፤ ጀማል ለምኖ ለምኖ አመጣቸው። ከመጡ ጀምሮ ግን አፍጥር ላይ ሁለት ጉርሻ ይጎርሱና «አልሃምዱሊላህ» ብለው ይነሳሉ። ወሬ የለም... ፈገግታ የለም። ሳምቡሳ ይወዳሉ ስለተባልኩ ነው እንደዛ የደከምኩት።

ቶሎ ብዬ ትራስ ትራስ የሚመስሉትን ለየኋቸው። አሥራ አምስት ይሆናሉ። አንዱን ከፈትኩ፣ የለም። ሁለተኛ... ሦስተኛ... የለም። ወዲያው የግቢው በር ተንኳኳ፤ ወንዶቹ ከሶላት ተመለሱ።

የቀሩትን ሳህን ላይ አድርጌ፣ ክዳን ደፍቼ ጠረጴዛው ጥግ ደበቅኳቸው። ሂክማን «ዝም!» አልኳት። የሚያምሩትን ይዤ ሳሎን ገባሁ፣ ኢድ ሙባረክ ተባባልን። አባባ ሁሴን አንድ አነሱና እጃቸው ላይ ይዘውት ቀሩ። ሻይ ላመጣ ተመለስኩ።

ሻዩን ይዤ ስመጣ ኢምራን አያቱ ፊት ቆሟል... ያንን ሳህን ታቅፎ! ከነሱ ጋር ሶላት ሄዶ ስለነበር የጥርሷን ነገር አልሰማም።

«አካኮ፣ የእማዬን ተወው! ይሄን እኛ ነን የሠራነው!»

አባባ የልጁን ፊት አዩና እምቢ ማለት አቃታቸው። በጣም ወፍራሙን አነሱ።

«አባባ... ቆዩ!» አልኩ። አልደረስኩም።

ቀጭ!

አባባ ማኘካቸውን አቆሙ፣ ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው አንዲት ትንሽ ነጭ ነገር አወጡ። መዳፋቸው ላይ አድርገው ትክ ብለው አዩዋት። የቀሯቸው ጥርሶች እንደሆኑ ጥቂት ናቸው።

«ኢልካን ኮ...» አሉ ቀስ ብለው። «ጥርሴን... ይቺም ጥላኝ ሄደች።»

ጀማል ደንግጦ ተነሳ። እኔ የሻዩን ትሪ አስቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር ስል ሂክማ ከኋላዬ ብቅ አለች።

«አይደለም አካኮ... የኔ ናት! ካን ኮቲ!» ብላ አፏን ከፍታ ክፍተቱን አሳየቻቸው።

አባባ ጥርሷን አዩ። የሂክማን አፍ አዩ። መልሰው ጥርሷን አዩ። ከዛ በምላሳቸው የራሳቸውን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ሁሉም ቦታቸው ላይ ናቸው። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ... «አለቀልኝ፣ ሽማግሌውን በኢድ ቀን አስለቀስኳቸው» አልኩ።

ሳቅ ነው ለካ! እንባቸው በጺማቸው ላይ እስኪወርድ ሳቁ። ሂክማም ሳቀች፣ ምንም ያልገባው ኢምራን ከሁሉም በላይ ሳቀ። ጀማል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

«ፋጡማ ብትኖር» አሉ አባባ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ይሄን ነገር ጫንጮ ላይ የማትነግረው ሰው አይኖርም ነበር!»

ከቀብሩ ወዲህ የባለቤታቸውን ስም ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው። ከዛ ደግሞ እጃቸውን ወደዛው ሳህን ሰደዱ።

«ሂክማ፣ ሌላ ጥርስ አልወለቀብሽም አይደል?»

አራት በሉ። ቆጥሬያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ማድ ቤት ስገባ አባባ ከልጆቹ መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። «ዱቄት ተርፎሻል? ከነዚህ ጋር መጠቅለል ልሞክር» አሉኝ። እኔ አማቴን ማዘዝ ቀርቶ ቀና ብዬ እንኳ በደንብ አይቻቸው አላውቅም። ኢምራን ግን መዳመጫውን ይዞ፣ «አካኮ፣ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ!» አላቸው።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ወዲያው ተነስተው ታጠቡ።