ፍየል ያልወጋው ሐኪም

ማርቆስ ሆስፒታል የሕክምና ተማሪዎች ነፍስ ያለው ፍየል እየወጉ ሲለማመዱ ፍየሉን አሳሪው እኔ ነበርኩ። ያ ቀርቷል፤ ያስቀሩት ሰዎች እኔን አልጠየቁኝም።

ዘንድሮ በቅሎ ጎኔን በእርግጫ መታችኝና ደረቴ ውስጥ አየር ታምቆ መተንፈስ አቃተኝ። አንድ ወጣት ሐኪም ጎኔን በስቶ ቱቦ ሊያስገባ ቢላ አነሳ።

«ስንት ፍየል ላይ ተለማመድክ?» አልኩት።

«ፍየል ቀርቷል፣ አባባ። የተማርነው በፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው።»

«ታዲያ ነፍስ ካለው እኔ የመጀመሪያህ ነኛ?»

«ነዎት። አሻንጉሊቱን ግን እጃችን እስኪለምድ ደጋግመን ወግተነዋል። ፍየሉ አንዴ ተወግቶ ይሞት ነበር።» ቀጥሎ «በስመ አብ» ብሎ አማተበ።

ክው አልኩ። በእኛ አገር ቢላ የያዘ ሰው እንዲህ የሚለው ሊያርድ ሲል ነው።

«እሱን ተወውና ውጋ» አልኩት።

ጎኔን በስቶ ቱቦውን አስገባ። አየሩ እንደሚተነፍስ ጎማ ሲወጣ ትንፋሼ ተመለሰ። ታርጄ ሰማይ ቤት እንዳልሆን ብዬ የጨፈንኩትን ዓይኔን ለመግለጥ ግን ፈራሁ።