«ይተርፋል» ያለው ድምፅ

ጋሽ ጡሩምባን ሰፈሩ እናታቸው ባወጡላቸው ስም መጥራት ከተወ ቆይቷል። ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ረዳትነት በር ላይ ተንጠልጥለው መንገደኛ ሲጣሩ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ አውቶቡሱን አስረክበው ድምፁን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ማዕድ ላይ «ጨው አቀብሉኝ» ካሉ ጨው ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ነው እየተባለ ይቀለድባቸዋል። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸውም «አባዬ፣ እዚሁ ነኝ እኮ» ማለት ልማዷ ሆኗል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ግን ያ ሁሉ ድምፅ ደረታቸው ውስጥ ሥራ ፈትቶ ነበር የሚውለው።

ስለዚህ የመንደሩ አናጢ ልቡን ታሞ ለቀዶ ጥገናው ገንዘብ ይሰብሰብ ሲባል፣ ማንም ሳይጠይቃቸው የተነሡት እሳቸው ነበሩ። አናጢው ባለውለታቸው ነው። የመኝታ ቤታቸውን በር የገጠመው እሱ ነው። ሚስታቸው በታመሙ ጊዜ በሩ ሲከፈት እየጮኸ እንዳይቀሰቅሳቸው ብሎ፣ ሳይጠራ እየመጣ ማጠፊያውን ዘይት ይቀባው ነበር። የመለመኛውን ሳጥን እንኳ አምና ለሌላ ታማሚ ሲለመን የሠራው እሱ ነው። የቀዳዳውን ጠርዝ የሰጪ እጅ እንዳይቧጭር በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶታል።

በመኪና እየዞረ የሚሰማው የልመና መልእክት የተቀዳው በፀጉር ቆራጩ ሱቅ ውስጥ ነው። የገንዘብ አሰባሳቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ ነበርና ወረቀቱን ጽፎ ሰጣቸው፤ እሳቸውም አነበቡ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን ወኔያቸው መጣና ወረቀቱን ዝቅ አድርገው፣ «ይተርፋል! እኔ ነኝ የምላችሁ፣ ይህ ልጅ ይተርፋል!» አሉ። ወረቀቱ ላይ የለም። ሐኪምም አላለም።

«ይቺን ነው የፈለግናት» አለ ፀጉር ቆራጩ። «እንደገና አንቀዳም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞንታርቦ የተጫነባት ፒክአፕ የጋሽ ጡሩምባን ድምፅ ይዛ ሰፈር ለሰፈር መዞር ጀመረች። እሳቸው ደግሞ ሳጥኑን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከገበያው በር ይቆማሉ። ሰው እየሳቀም ቢሆን ይሰጥ ነበር። «ጋሼ፣ እዚህም እዚያም አሉ፤ መንታ ነዎት እንዴ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ፈጣሪ ለዚህ ቀን ብሎ ያስቀመጠው ድምፅ ነው እያሉ በልባቸው ያመሰግናሉ።

አንድ ደመና በዋለበት ቀን ፀጉር ቆራጩ የሥራ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ መጣ። አጠገባቸው ቆመ።

«ምነው? ደንበኛህን ግማሽ ላጭተህ ነው የመጣኸው?» አሉት።

«አረፈ» አላቸው። «አሁን ነው የደወሉልኝ። ሚስቱን ከሆስፒታል ወደ ቤት እያመጧት ነው።»

ጋሽ ጡሩምባ ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጥቂት ቆይቶ ከሩቅ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ የገዛ ድምፃቸው መጣ። ይተርፋል።

«መኪናዋ!» አሉ። ሹፌሩ ሁልጊዜ ዙሩን የሚጨርሰው አናጢው ግቢ በር ላይ ነው፤ ምሳውን የሚያበሉት እዚያ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው። «ሚስቱ ሆስፒታል ባልዋ አጠገብ ስለከረመች አንድም ቀን አልሰማችውም። ዛሬ ልትሰማው ነው?»

ፀጉር ቆራጩ ደወለ፤ ደጋግሞ ደወለ። ሹፌሩ አያነሳም። ጆሮው ሥር ጋሽ ጡሩምባ እየጮኹበት ምን ይስማ።

ጋሽ ጡሩምባ እያነከሱም ቢሆን ድምፁን ተከትለው ሄዱ። ሽንኩርት ሻጯ መንገዳቸው ላይ ሳንቲም ዘርግታ ቆመች። «ጋሼ፣ ዛሬ ቀናኝ፤ ይቺን ለልጁ።» እሳቸው ግን አልቆሙም። «በኋላ፣ በኋላ» ብለው አለፏት።

ድምፁ ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው ብለው ሲደርሱ ትምህርት ቤቱ ጋ ሆኖ ይሰማል። ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ከታች መንገድ ይመጣል። ዕድሜ ልካቸውን ሰው እየሮጠ የሚከተለው ድምፅ ነበር፤ ዛሬ እሳቸው ሲሮጡለት አልቆም አላቸው። ጌታዬ ሆይ፣ ባትሪው ይለቅ፣ ጎማው ይተንፍስ እያሉ ለመኑ። ምንም አልሆነ። የአናጢው መንደር መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ የመጨረሻውን ቃል ሰሙት፤ ከዚያ ድምፁ ተቆረጠ።

ፒክአፗ ግቢው በር ላይ ቆማለች። ሹፌሩ መሪውን እንደያዘ አንገቱን ደፍቷል። «የቆሙትን ሰዎች አይቼ ነው ያጠፋሁት» አላቸው። «ዘገየሁ፣ ጋሼ።»

ሚስቲቱ በሩ ላይ፣ ባልዋ በሠራው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። የሆስፒታሉ ብርድ ልብስ ገና እጇ ላይ ነው። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ባይለቅላቸው ይወዱ ነበር።

«ይተርፋል ያሉት እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም። ተመኝቼ ነው።»

ብርድ ልብሱን አጠፈችው፤ መልሳ ፈታችው። «እኔም እንደዚሁ ስለው ነው የከረምኩት» አለች። «ሐኪሞቹ ሲወጡ ጠብቄ፣ ‹ትተርፋለህ› እለዋለሁ። እሱም እያወቀ እሺ ይለኛል።»

ጋሽ ጡሩምባ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

ሳጥኑን አየችው። ጣቷን የተለሰለሰው ጠርዝ ላይ አኖረች። «ሰዎቹ ገና እየሰጡ ነው?»

«እየሰጡ ነው።»

«እንግዲያው ይሂዱና ይንገሯቸው። ሳያውቁ አይስጡ። አመስግኑልኝ ብላለች ይበሏቸው። ያንኑ ድምፅ ነው የሚያውቁት።»

ሹፌሩ ቅጂውን አውጥቶ ማይክሮፎን ሰጣቸው። በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ትምህርት ቤቱን ዝም ብለው አለፉት፤ ወፍጮ ቤቱንም። ገበያው በር ላይ መኪናዋ ስትቆም ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ወገኖቼ፣ አናጢው ወንድማችን አርፏል» አሉ፤ ግን ድምፃቸው ከጉሮሯቸው አላለፈም፤ ከኋላ የቆመ ሰው የሰማቸው አይመስልም።

ሽንኩርት ሻጯ ሳንቲሟን ይዛ በሰው መካከል እየተጋፋች መጣች። «በኋላ ብለውኝ ነበር እኮ» አለችና እጇን ወደ ሳጥኑ ሰደደች።

ጋሽ ጡሩምባ ቀዳዳውን በመዳፋቸው ከደኑት። እሷም ቀና ብላ ፊታቸውን አየች፤ ሳንቲሙን በጨበጠ እጇ አፏን ያዘች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሏት። «ሚስቱ ልካኝ ነው።» ከዚያ ማይክሮፎኑን አስቀምጠው፣ ድሮ አውቶቡስ በር ላይ ቆመው እንደሚጣሩት፣ ለሁሉም ተናገሩ።