ሽማግሌዎቹ ሲገቡ አባዬ ጣውላው ላይ ነበር

እሁድ ከሰዓት ሽማግሌ በራችንን ሲያንኳኳ፣ አባቴ ሳሎን መሃል ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር መነጽር ታስሮ፣ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል... ያሰርኩለት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እጮኛዬ ዳዊት ለስራ የተመደበው ዱስ ነው፣ ታች ኦሞ ወንዝ ዳር። ከተጋባን እኔም እዚያው መሄዴ ነው። አባዬ ይህን ከሰማ ጀምሮ ቤታችን ሰላም የለውም። ጂንካ ገበያ እህል ሲነግድ የኖረ ሰው ነው፣ አንዴ ካለ አለ። «ሙቀቱን አትችይውም። ወንዙ ደግሞ አዞ ነው። ልጄን ለአዞ አልድርም» ብሎ ዘጋው። እማዬ ስንት ለምናው «እሺ፣ ሽማግሌዎቹ ይምጡ። መልሴን ግን ታውቁታላችሁ» አለ።

እሁድ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱ እንደተቋጠረ ነው። እኔ በጭንቀት ምሳ አልወርድ ብሎኝ ዋለ።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ያመጣው ቪአር የሚሉት የጌም መነጽር ቤት አለ። ፊት ላይ ሲታሰር ሰው ሌላ ቦታ የገባ ነው የሚመስለው። አባዬ ባለፈው ዓሣ ሲያጠምድበት እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩት ለአስር ሰዓት ነው፣ ገና ዘጠኝ አልሞላም... እስኪመጡ ፊቱ ይፈታ ብዬ አሰርኩለት።

ዓሣው ሰለቸው መሰለኝ፣ በእጁ የያዘውን መቆጣጠሪያ ሲነካካ ሌላ ጨዋታ ከፈተ። ምን ቢከፍት ጥሩ ነው? ሊፍቱ ሽቅብ ይዞት ይወጣና፣ በሩ ሲከፈት ከፊቱ ያለችው አንዲት ጠባብ ጣውላ ብቻ ናት። ከስሯ ባዶ ነው፣ መኪናው ሁሉ ጉንዳን አክሎ ይታያል። ጨዋታው እሷ ላይ መራመድ ነው።

«ይቺማ ምን አላት» ብሎ ትንሽ ተራመደ። ከዚያ ቁልቁል አየ። ደርቆ ቀረ።

«አባዬ፣ ሳሎን ነው እኮ ያለኸው፣ አውልቀው» አልኩት።

«እጄን ካጠፍኩ እወድቃለሁ» አለኝ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

በሩ የተንኳኳው ይሄኔ ነው። «ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ ስታየን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከቀጠሮው ሰዓት ቀድሞ የሚመጣ ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የኔዎቹ ሶስቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ።

ሽማግሌ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ የመጣበትን ቆሞ ነው የሚናገረው። የቤቱ አባወራ ተቀመጡ ካላለ አይቀመጥም። አባዬ እንኳን ተቀመጡ ሊል መተንፈሱንም እንጃ። እነሱ ቆመው፣ እሱ ቆሞ... አባቴን አውቀዋለሁ። ሰው ፊት ከተዋረደ የዳዊትን ስም እዚህ ቤት ዳግመኛ የሚያነሳ አይኖርም። በገዛ እጄ ትዳሬን አፈረስኩት አልኩ።

ቶሎ ላወልቅለት ጠጋ ስል ኮቴዬን ሰማ።

«አትምጪ!» አለኝ። «ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው አትችልም። ትወድቂያለሽ።»

እንባዬ መጣ። እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ነፍሱ ልትወጣ ደርሳ፣ የሚያስበው እኔ እንዳልወድቅ ነው። ያን ሁሉ ስለ ሙቀቱና ስለ አዞው ሲጨቀጭቀኝ ለካ ግትር ሆኖ አልነበረም። ፈርቶልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስንት ቀን አኩርፌዋለሁ።

የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ ከጂንካ ቀይ አፈር ከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ አልሳቁም። ባርኔጣቸውን ለጓደኛቸው አቀበሉና በሹክሹክታ «የት ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው?» አሉኝ።

«ፎቅ ላይ ነው ጋሼ፣ ጣውላ ላይ። መመለሻው በር ከኋላው ነው።»

ሄደው ከኋላው ቆሙና እጁን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

«ጋሽ ካሳ፣ ታደሰ ነኝ። በሩ ላይ ነው የቆምኩት። ይዤዎታለሁ፣ አይዞዎት። ወደ ኋላ ይምጡ።»

አባዬ እግሩን እየጎተተ... ቀስ... ቀስ እያለ ተመለሰ። «ደርሰናል» ሲሉት የያዘው ትንፋሽ ወጣ፣ እኔም መነጽሩን አወለቅኩለት። ሽማግሌዎቹን አያቸው። እኔን አየኝ። የጋሽ ታደሰን እጅ ግን አለቀቀም። አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

ጋሽ ታደሰ ምንም እንዳልተፈጠረ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን ለዳዊት እንዲሰጡን ነው» አሉ።

አባዬ የያዘውን እጅ አየ። እኔ በሩን ተደግፌያለሁ። አሁን እምቢ ሊል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ዱስ ፎቅ አለ?» አለ።

«ኧረ የምን ፎቅ፣ ሜዳ ነው ጋሽ ካሳ።»

«ሜዳም ላይ ይወደቃል» አለ አባዬ። ከዚያ የተያያዘውን እጃቸውን ትንሽ ከፍ አድርጎ አሳያቸው። «ልጃችሁ እንዲህ አድርጎ ይይዛታል?»

«ይይዛታል። ዋሱ እኔ ነኝ።»

አባዬ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «እንግዲያው ተቀመጡ» አለ።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። አባዬ ይህን ወሬ ሰርጉ ላይ እንዳላነሳ አስምሎኛል... የፌስቡክ ገጽሽ ላይ አትጻፊ ግን አላለኝም።