ከቤት ያልወጣ አቧራ

ሐኪሙ የእናቴን ደረት አዳምጦ ሲጨርስ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ሕመሟ አልነበረም።

«ቤት የሚጠርገው ማን ነው?» አለ።

እናቴ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና ብላ፣ «እኔ ነኛ! ሌላ ማን ሊጠርገው?» አለችው።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ መጥረጊያ አይንኩ። አስሙን የሚቀሰቅሰው አቧራው ነው። እንዲህ ከቀጠሉ አንድ ቀን መድኃኒቱም ላይደርስልዎ ይችላል።»

አጠገቧ ቆሜ ነበር። የመጨረሻውን ቃል የሰማሁት ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እሷ የሰማችው «መጥረጊያ አይንኩ» የሚለውን ነው። በባጃጅ ስንመለስ፣ ሾፌሩ ዞሮ እስኪያያት ድረስ፣ «ቤቴን ሰው ሊጠርግልኝ! ምነው፣ ሞቻለሁ እንዴ?» እያለች መጣች።

ቤታችን ጎንደር፣ አራዳ ገበያ አጠገብ ነው። በጣሊያን ጊዜ የተሠራ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ከደጃፉ ወደ ግቢው የሚያወርዱ የድንጋይ ደረጃዎች ያሉት ቤት ነው። በበጋ ከገበያው የሚነሣው አቧራ መስኮት ቢዘጋም መግቢያ አያጣም። እናቴ ጠዋት ትጠርጋለች፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ትጠርጋለች፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለም ትጠርጋለች። ሁለት ሠራተኞች ቀጥረን አይተናል። ሁለቱም ጥለው የሄዱት፣ እነሱ የጠረጉትን እናቴ ከኋላቸው እየተከተለች ስለምትደግመው ነው። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ከያዝሁ በኋላ ማለዳ እየተነሣሁ ሞከርሁ። ከቢሮ ስመለስ ወለሉ እንደገና ተጠርጎ፣ እሷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ሲወጣ አገኛታለሁ።

መላ ያመጣችው አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታናሽ እህት። ከዱባይ ዕቃ እያስመጣች ትነግዳለች፤ ድምፅዋ ከሱቋ ቀድሞ ይገኛል። «እትዬ፣ ሰው ካልፈለግሽ ሰው ያልሆነ አመጣልሻለሁ» አለቻት። እናቴ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ለእኔም ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ ደውላ፣ «በራሳቸው የሚጠርጉ ሁለት ሮቦቶች ገብተውልኛል፤ ሳልሸጣቸው መጥታችሁ አንዱን ምረጡ» ስትለኝ ግን ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

እኔ ሳላጣራ የምገዛው ነገር የለም። የአልጋዎቹንና የሶፋውን ሥር ክፍተት ለካሁ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን፣ ባትሪው ቤቱን ያዳርስ እንደሆነ፣ ኔትወርክ ባገኘሁ ቁጥር በስልኬ አነበብሁ። ከሁሉ ያስፈራኝ የደጃፋችን ደረጃ ነበር፤ በራሱ የሚሄድ ነገር በራሱ መውደቁ አይቀርም ብዬ። በመጨረሻም ከሶፋው ሥር የራሳችንን አቧራ አፍሼ፣ በፌስታል ቋጥሬ፣ ከእናቴ ጋር ወደ ሱቁ ሄድሁ።

ፌስታሉን ስፈታው አክስቴ ጮኸች።

«ያ አላህ! ሰው ዘመድ ሲጠይቅ ሙዝ ይዞ ይመጣል፤ ይቺ አቧራ ይዛብኝ መጣች!»

«ለመሞከሪያ ነው» አልሁ በሹክሹክታ። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሴቶች ነበሩ፤ ፊቴ ጋለ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። «ከቤቴ አቧራ ይዘሽ ወጣሽ?» አለችኝ። ትንሽ አሰበችና፣ «ይሁን፤ ዛሬ አባትሽ ቤት ነው» አለች።

አባቴ ነጋዴ ነው። ወደ መተማ ጨርቅ ይዞ ይወርዳል፣ ሰሊጥ ይዞ ይመለሳል። እኛ ቤት ደግሞ መንገደኛ ከወጣ በኋላ፣ ደረስሁ ብሎ እስኪደውል ድረስ አይጠረግም። «ከኋላው የሚጠረግለት ሬሳ ብቻ ነው» ትላለች እናቴ። ይህን ከእናቷ ነው የያዘችው። ቀኑን ሙሉ መጥረጊያ የማትለቀው ሴት አባቴ መንገድ ላይ ሲሆን መጥረጊያውን ከበር ጀርባ ታቆመውና አታየውም። አባቴ «ይሄ ከዲን አይደለም» እያለ ይስቅባታል፤ ሆኖም ሲወጣ ዞር ብሎ ወለሉን ሳያይ ሄዶ አያውቅም።

አክስቴ ሁለቱን ሮቦቶች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ክብ ናቸው፤ ከትሪ አይበልጡም። ነጩ ርካሽ ነው፤ ካልተጫኑት አይነሣም። ጥቁሩ ሰዓት አለው፤ አንዴ ከነገሩት በየቀኑ በሰዓቱ ተነሥቶ፣ ጠርጎ፣ ቻርጅ ወደሚያደርግበት ቦታ ራሱ ይመለሳል።

«እዚሁ ባንኮኒው ላይ ይሂዱና ልይ» አልሁ።

አክስቴ ነጩን ተጫነችው። ጥርር እያለ ሄደ፣ ሄደ፣ ባንኮኒው ማለቁን ሳያውቅ ወደ ታች! አክስቴ እንደሚወድቅ ሕፃን በቀሚሷ ቀለበችው። «ዕቃዬን ልትጨርሺልኝ ነው!» አለችኝ። ጥቁሩን ስንለቀው ግን ጠርዙ ድረስ ሄዶ ቀጥ አለ፤ የሚያስብ ይመስል ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ፊቱን አዞረ።

«ሱብሓነላህ!» አለች እናቴ ወደ ኋላ እያፈገፈገች። «ያያል እንዴ?»

«ከወንድሜ የተሻለ ያያል።»

«ሲሉትስ ይቆማል?»

«እትዬ፣ ባልሽስ ሲሉት ይቆማል?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እናቴም ሳቀች፤ ግን «እሱ ቢያንስ ሲነሣ ነግሮኝ ነው» አለች።

አቧራዬን መሬት ላይ በተንሁት። ጥቁሩ ዞሮ ዞሮ አንዲት ቅንጣት አላስተረፈም። እሱን መረጥሁ።

ቤት ወስደን ስናስነሣው የሴት ድምፅ በማናውቀው ቋንቋ ተናገረ። እናቴ የያዘችው ብርጭቆ ወደቀ። «ውስጡ ሰው አለ!» ብላ ወደ ማእድ ቤት ሮጠች። ስንት ጊዜ እንዳስረዳኋት! መጀመሪያ ሰሞን እሱንም መጥረጊያዋን ይዛ ተከተለችው። ጎንበስ ብላ ወለሉን በጣቷ ታብሳለች፣ ጣቷን ወደ ብርሃን አውጥታ ታያለች፣ ደግሞ ታብሳለች። ምንም የለም። መጥረጊያዋን እንደያዘች መሃል ክፍሉ ላይ ስትቆም፣ ምን እንደምታደርግ የጠፋት ሰው ትመስል ነበር።

የሚነሣበትን ሰዓት የመረጥሁት እኔ ነኝ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ እናቴ ግቢ ወርዳ ጎመኗንና ጤና አዳሟን ታጠጣለች፤ እስክትመለስ ቤቱ ተጠርጎ አቧራው ይረጋል። እነዚያ ሳምንታት የመተማ መንገድ አንድ ቀን ሲከፈት ሌላ ቀን ሲዘጋ የሰነበተበት ጊዜ ስለነበር አባቴ ከከተማ አልወጣም። መንገደኛ የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም። አንድ ጠዋት እናቴ ያልሰማሁት ዜና እንዳላት ሁሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሳልስል አደርሁ» አለችኝ። ደነገጥሁ፤ ደስታ እንደዚያ እንደሚያስደነግጥ አላውቅም ነበር።

ከዚያ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። አባቴ በማግስቱ ማለዳ ሊወጣ ጨርቁን አስጫነ።

እናቴ ያን ጠዋት ግቢ አልወረደችም። ስንቁን አስይዛው ዱዓ አደረገችለት። ሾፌሩ ውጭ ክላክስ እያደረገ ነው። አባቴ ቦርሳውን አንሥቶ የቀኝ እግሩን ከደጃፉ ሲያሳልፍ፣ ከኋላችን ያች የማሽኑ ሴትዮ ተናገረች።

ሦስታችንም ዞርን። ማሽኑ ከመደርደሪያው ሥር ወጥቶ፣ ጥርር እያለ፣ አባቴ የረገጠበትን ጣውላ ተከትሎ መጣ። ብሩሹን እያሽከረከረ በእኔና በእናቴ መካከል አለፈ። እጄን መዘርጋት አቃተኝ። ደጃፉ ጠርዝ ላይ ደረሰና ቀጥ አለ፤ እንዳይወድቅ ብዬ የመረጥሁት አይደል? እዚያው የአባቴ ተረከዝ የነበረበትን ቦታ ጠርጎ ፊቱን አዞረ።

«አቁሚው!» አለች እናቴ። ድምፅዋን አላወቅሁትም። ማሽኑን ከመሬት አንሥቼ ገለበጥሁት፤ ጎማዎቹ አየር ላይ ይሽከረከራሉ፤ ማጥፊያው የት እንደሆነ ጠፋኝ።

አባቴ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ «ጠርጎ አስወጣኝ እኮ!» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

«ተመለስና ተቀመጥ» አለችው።

«ሴትዮ፣ ይሄ ከዲን አይደለም። መኪናው...»

«ዲን ነው መቼ አልሁህ? ተቀመጥ!»

ገብቶ ተቀመጠ። ውኃ ሰጠችው፤ ተጎነጨ። እንደገና «ቢስሚላህ» ብሎ ወጣ። መኪናው ወደ አዘዞ አቅጣጫ ሲርቅ እስኪጠፋ ድረስ ሰማነው።

እናቴ ከደጃፉ አልተንቀሳቀሰችም። «የጠረገውን የት ነው የሚያስቀምጠው?» አለችኝ። ልትደፋው መስሎኝ ከማሽኑ ጀርባ ትንሿን ሣጥን ስቤ አወጣሁላት። ክዳኑን ከፈተችና ፊቷ ተለወጠ። ግራጫ አቧራ፣ ክር፣ ፀጉር፤ ሣጥኑ ሞልቷል። «ይሄን ሁሉ ነው ስተነፍሰው የኖርሁት?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ በአፏ ላይ ሻሽ እንኳ ሳትጠመጥም፣ በእፍኟ ዘግና ደጃፉ ላይ በተነችው።

አቧራው ተነሣ። እናቴ ሳለች። እየሳለች ሌላ እፍኝ ዘገነች።

«እማ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዱካውን... ልመልስለት...» አለች፤ ትንፋሿ ያን ፉጨት ጀምሯል። «እስኪደርስ... ዱካው ቤቱ ይቆይ...»

የሐኪሙ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እኔ በቤታችን ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ እንግዳ ሲመጣ ሰላምታዬ እንኳ አይሰማም ይሉኛል። እጇን ያዝሁና ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ ጮኽሁባት።

«አልወጣም! እማ፣ ከቤት አልወጣም እኮ!»

ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ ስትጠርጊ ደጅ ትደፊዋለሽ። ይሄ ደጅ አልተደፋም። ከወለሉ ተነሥቶ ሣጥን ገባ እንጂ ከደጃፉ አላለፈም። ሣጥኑ ያለው ቤት ውስጥ ነው። አባባ የረገጠው ሁሉ እዚህ ነው ያለው፤ አንዲት ቅንጣት አልወጣችም!»

የተናገርሁትን ስሰማው እኔው ራሴ ደነገጥሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመምህር እንኳ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። እናቴ እየሳለች አንዴ ሣጥኑን፣ አንዴ ደረጃውን፣ አንዴ እኔን አየች። እፍኟ ውስጥ የቀረውን ቀስ ብላ ወደ ሣጥኑ መለሰች።

«ክዳኑን ግጠሚው» አለች።

መድኃኒቷን አመጣሁላት፤ በአፏ ሳበችው። ትንፋሿ እስኪመለስ ጀርባዋን ደግፌ ተቀመጥሁ። ከዚያ ሣጥኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ፍሪጁ ላይ አስቀመጠችው። ደጃፉ ላይ የተበተነውን አልነካነውም፤ በላዩ ተሻገርን።

አባቴ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ካለችው ከአይከል ይደውላል። አልደወለም። ከሸኽዲ ይደውላል። አልደወለም። ስደውልለት ስልኩ አይገኝም። እናቴ ምሳ አልበላችም። እኔም ደጋግሜ ፍሪጁን አያለሁ፤ የማላምንበትን ነገር እንደዚያ እጠብቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ አክስቴ መጥታ ደጃፉ ላይ ልትረግጥ ስትል እናቴ «ተሻገሪው!» ብላ ጮኸችባት።

«ምነው እትዬ? ምን አለ?»

«የወንድምሽ ዱካ ነው።»

አክስቴ ፍሪጁ ላይ ያለውን ጨርቅ ገለጥ አድርጋ የማሽኑን ሣጥን ስታይማ አፏን ያዘች። «እዚያስ ምን ያደርጋል?»

«አደራ ነው፤ አትንኪው» አለች እናቴ። አክስቴ የሆነውን ከእኔ ሰምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣች። ከእኛ ጋር ተቀመጠች።

የዐስር ሶላት አልፎ ስልኬ ጠራ፤ የማላውቀው ቁጥር ነበር። እናቴ ከእጄ ነጠቀችው።

«ደረስህ?... በማን ስልክ ነው?... የት ቆማችሁ ነበር?... አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ።» መንገድ ላይ ለፍተሻ ረጅም ሰዓት ቆመው፣ የእሱ ስልክ ደግሞ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ከዚያ ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ እሷ ግን፣ «ማሽኑ? ማሽኑ ምን አጠፋ?» አለችው።

ስልኩን ዘግታ ሣጥኑን ከፍሪጁ ላይ አወረደችና ሰጠችኝ። «በይ አሁን ውሰጂና ድፊው።»

ግቢ ወርጄ ደፋሁት። ስመለስ፣ «ሰዓቱን ላጥፋው? አባባ መንገድ ሲወጣ እንዳይነሣ» አልኋት።

«አታጥፊው» አለች። «ይነሣ። እስኪደውል ሣጥኑን አትክፈቱት እንጂ።»

ከዚያ ሻሿን በአፍና በአፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ፣ ደጃፉን ተሻግራ፣ ደረጃውን ወርዳ ግቢው መሃል ቆመች። መጥረጊያው ከበሩ ጀርባ ነበር፤ አላየችውም።

«ያን ደጃፉ ላይ ያለውን እንዲያነሣ ንገሪው» አለችኝ ከታች።

ሣጥኑን ቦታው መልሼ ተጫንሁት። ጥርር እያለ ወደ እሷ ሄደ፣ የተበተነውን አነሣ፣ ጠርዙ ላይ ቆመ። እናቴ ከግቢው ቀና ብላ እያየችው ነበር፤ እጆቿ በጎንና በጎኗ ተንጠልጥለው። እነዚያን እጆች ባዶ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።