ባሮ ይንጣ፣ የእናቴ ፊት ይውጣ

ከጋምቤላ በወጣሁበት ማለዳ ባሮ ዳር የነበርነው እነዚህ ነን፦ እናቴ አሪየት፣ ነጭ የመዘምራን ልብሷን ለብሳ፤ አጎቴ ኦጁሉ፤ ጎረቤታችን ጋትሉዋክ፤ ፊዚክስ ያስተማሩኝ፣ ከጎጃም መጥተው እዚያው የቀሩት ጋሽ ታደሰ፤ እኔም ከካሜራው ጀርባ።

ፊልሙ ላይ የቀረችው አንዲት ፎቶ ነበረች። እናቴ ፎቶ መነሳት አትወድም፤ የዚያን ቀን ግን እሺ አለች።

«ወንዙ ካልታየ ጋምቤላ መሆኑን ማን ያምናል?» ብሎ አጎቴ ድርቅ አለ።

ከኋላቸው ውሃው ዓይን ይወጋል፤ ከፊት የእኛ ሰዎች ጥቁር ፊት። የካሜራው ብርሃን መለኪያ መርፌ ብርሃኑን እንጂ ሰውን አያይም፤ እሱን ብከተል እናቴ ጥላ ሆና ልትቀር ነው። ስለዚህ የሌንሱን ቀለበት ከአሥራ ስድስት ወደ ስምንት አዞርኩት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃንም በብዛት ይገባል።

«መርፌውን መሃል አድርገው!» አሉ ጋሽ ታደሰ። «መሣሪያ አይዋሽም።»

«ጋሼ፣ መርፌው የሚለካው ባሮን ነው።»

«አንተ ቁጥር ስታዞር እኛ አረጀን» አለ ጋትሉዋክ።

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ቀለበቱን እንደገና አየሁ፣ ማንሻውን ተጫንኩ፣ ሮጥኩ።

ናይሮቢ ስደርስ ደግሞ ብርዱ! እኛ ጥላ ለጥላ ስንሄድ፣ እዚህ ሰው በሐምሌ ጃኬት ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ዓሣው በዘይት ተጠብሶ ደርቆ ይመጣል፤ መረቅ ብትል የሚገባው የለም። ፊልሙን አሳጠብኩ። የተሰጠኝ የሚያምር ወንዝና አራት ጥላዎች ናቸው።

«ብርሃን በዝቶበት ነበር፤ አስተካከልኩልህ» አለኝ አጣቢው በኩራት። «ወንዙ ጠፍቶ ነበር።»

«ወንዙን ማን ጠየቀህ?» አልኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

«ማሽኑ ነው አስተካክል ያለው።»

እዚህም ማሽን! «ባሮ ይንጣ። የእናቴን ፊት አውጣልኝ።»

«ወንዙ ሲነጣ ደንበኛ ይቆጣል።»

«ደንበኛው እኮ እኔ ነኝ!»

እያጉረመረመ እንደገና አተመው። ወንዙ የለም፤ ነጭ ብቻ። እናቴ ግን አለች፤ የጉንጯ እጥፋት፣ የግንባሯ ላብ ሳይቀር። አፏ ተከፍቷል። ወደ እኔ እያየች እየተናገረች ነበር። እኔ ቀለበቱን ሳይ አልሰማሁም።

ደወልኩላት። «እማ፣ ያን ጊዜ ምን እያልሽኝ ነበር?»

«ያን ጊዜ ነገርኩህ እኮ» ብላ ሳቀች። ኔትወርኩ ተቋረጠ።

አጎቴ፣ ጋትሉዋክ፣ ጋሽ ታደሰ፤ አጠገቧ ነበራችሁ። የሰማችሁትን ጻፉልኝ። በመርፌው እንደተከራከራችሁት በዚህም ተከራከሩ፤ ብቻ ጻፉልኝ።